ሁለተኛ ማርሽ

ከፖስታ ቤት በላይ፣ በቸርችል ዳገት፣
ሁለተኛው ማርሽ ዘሎ ይወጣል፤ ያውቃታል ያቺን ቦታ እንደ ቤት።
ስለዚህ በግራዬ መሪ እይዛለሁ፣
በቀኜ ካምቢዮውን አንቄ እወጣለሁ።
ፍሬቻ ላሳይ ብል ሦስተኛ እጅ የለኝ፤
የኋላው ሚኒባስ ጡሩንባ ነፍቶ
«እትዬ፣ ተኛሽ ወይ?» ይለኛል፤
ይበለኝ።

ጭነቴ ጄሶ ነው፤ ሃያ አምስት ከረጢት፤
መኪናዋ ሃይሉክስ፤ ልጄን በአሥር ዓመት የምትበልጥ አሮጊት።

ማክሰኞ ግን ማርሹ ወጥቶ አልመለስ አለ፤
ጄሶው ከነኔ ወደ ኋላ ተንከባለለ።
የእጅ ፍሬኑን አታንሱብኝ፤ ካቻምና ሞቷል።
አንድ ሊስትሮ ሮጦ ድንጋይ ጎማው ሥር ከቷል፤
ድንጋዩ ሲንሸራተት ሳጥኑን ደገመ።
ሳጥኑ ደቀቀ፤ ሁሉም ነገር ቆመ።

ተክለ ሃይማኖት ጋራዥ፣ እየተጎተትን።
ውብሸት ከሥሯ ገባ፤ እግሩ ብቻ ቀረ፤
ከመኪናዋ ሆድ ውስጥ እንዲህ ተናገረ፦
«ካምቢዮው ይወርዳል። ፍሪሲዮኑም አልቋል።
ክሮቸራው ሲንኳኳ ሰፈሩ ይሰማል።
ሞተሩስ? ዘይት ይጠጣል አይደል?»
ይጠጣል፣ አልኩት፤
ሁዳዴም አይገታው፣ ባዶ ኪስም አይገድበው፤ ለምጄ ተውኩት።

«ስንት ይሆናል ታዲያ?»
መልስ የለም። ቁልፍ ወደቀ። ዝም አለ ትንሽ።
መካኒክ ዝም ካለ ቁጥሩ እያደገ ነው፤ ያኔ ነው መሸሽ።

ሱማሌ ተራ ወረድኩ፣ ሙዘይን ሱቅ።
«የጃፓኑ ሃያ ስምንት ሺህ፣ የታይላንዱ አሥራ ሰባት፤
ከዚህም የሚረክስ አለ። ግን ልጠይቅሽ፤
ልትነጂያት ነው፣ ወይስ ልትሸጫት?»

ይህንን ጥያቄ ሁሉም ጠየቁኝ።
የባሌ ወንድም «በኪሎም ቢሆን ሽጫት» አለኝ።
ደላላው መጥቶ ካሮሴሪያውን እንደ ሐብሐብ መታት፤
«ቆርቆሮዋስ ደህና ነው» አለ፤ ልቧን ግን አላያት።

ማታ በካርቶን ጀርባ ሂሳብ ሠራሁ፦
ፍሪሲዮን፣ ክሮቸራ፣ አራት ኩሽኔት፣
የእጅ ዋጋ፣ የካምቢዮ ዘይት፣
የሊስትሮው ሳጥን።
በጄሶ ስንት ምልልስ ነው? መቶ አሥራ አንድ። ያውም ዳገት።

ሐሙስ ካምቢዮው ተከፈተ።
ጥቁር ዘይት፤ ዘይቱ ላይ ወርቅ የመሰለ ብናኝ።
«የሁለተኛሽ ጥርስ ነው ይሄ፣ ተፈጭቶ» አለኝ።
ከዚያ የማርሹን ሞላ ሲነቅል ከሥሩ አንዲት ክብ ነገር ወደቀች፤
ቤንዚን በነካው ጨርቅ ሲጠርጋት ገጿን ገለጠች፦
አሥር ሳንቲም። ዙሪያዋ በሞረድ ተበልቶ ጠባለች፤
አንበሳው አንድ ጆሮ ብቻ ቀርቶታል።
«ይሄን የሠራ ሰው» አለ ውብሸት «ወይ ሌባ ነው ወይ ሊቅ፤
የደከመ ሞላ በሳንቲም ደግፎ፣ ማርሹ እንዳይወድቅ!»

ሞረዱን አውቀዋለሁ። ቤት አለ።
ቢላ እስልበታለሁ።

«ዘጠኝ ሺህ አወጣሁ፣ ካምቢዮው ተሠራ» ብሎኝ ነበር ደርብ
በዚያ ክረምት። በዚያው ወር ደግሞ «ወጣልኝ» አለ ዕቁብ፤
መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ አስመዘገበኝ፣ ወንድሙ እየሳቀ፣
«ሴት ጭነት ልትነዳ!» እያለ በየደጁ እየዘለቀ።
የማን ዕቁብ? ዳኛውስ ማን? አልጠየቅኩም ያን ጊዜ።
አሁን መዳፌ ላይ አንዲት ሳንቲም ይዤ፣
ስምንት ዓመት ከተቀበረ ሰው ጋር
ልተሳሰብ ቆምኩ፣ ከጋራዡ በር።

«ልጣላት?» አለኝ ውብሸት።
«አምጣት።»

አዲስ ሞላ ገባ፤ የታይላንዱ ዲስክ፤ ግማሹ በዱቤ፣
ግማሹ ለልጄ ጫማ ካልኩት ተነስቶ፣ እየከበደው ልቤ።
ሞተሩን አልነካነውም። ዘይቱን ይጠጣ። ለሱ ሌላ ዓመት።

ቅዳሜ ጠዋት፤ ፖስታ ቤት፤ ሃያ አምስት ከረጢት።
ሊስትሮው ባዲሱ ሳጥኑ ላይ ሆኖ አየኝ፤
ሰላምታ ሰጠኝና፣ ለማንኛውም ብሎ፣ ድንጋይ አነሳልኝ።
ሁለተኛው ማርሽ ገባ፤ ጸና፤ አልተነቃነቀ።
እጄ ግን ዳገቱ እስኪያልቅ አንቆ ያዘው፤ አልለቀቀ።